ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ የሰው ግምትና የኮምፒዩተር ስሌት ከፈረስ ውድድር ሜዳ እስከ መተማ የከብት ገበያ

መግቢያ

በአገራችን ፈረስና ሰው ስም እስከ መጋራት ደርሰዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። መተማ ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለውም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በሞቱት በአባ በዝብዝ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ መተማ ሄዶ የፈረስ ውድድር ላይ ልበል የሚል ሰው አያገኝም። ቆላ ለፈረስ አይስማማም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ቫይረስ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሙቀትና እርጥበት ባለበት ይራባሉ። ስለዚህ የፈረስ አገር ደጋው ነው። አገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ለዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ጃን ሜዳ የጥንት የፈረስ መሮጫ ነው። መተማ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በዕጣንና ወደ ሱዳን በሚነዳው የቀንድ ከብት።

ታዲያ የፈረስ ውድድር ከመተማ ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኘው አንድ ጥያቄ ነው። አንድን እንስሳ አይቶ «ይህ ከዚያ ይበልጣል፤ ይህን ያህልም ያወጣል» ለማለት የሚሻለው የሰው ዓይን ነው ወይስ የኮምፒዩተር ስሌት? ይህ ጥያቄ በብዛት የተጠናው በፈረስ ውድድር ሜዳ ነው። ምክንያቱም እዚያ ሁሉም ግምቱን በገንዘብ ያስይዛል፤ ደግሞም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማን ልክ እንደነበረ ይታወቃል። የተገኘው ትምህርት ግን ለእኛው የከብት ገበያም ይሠራል። የጽሑፉ ዓላማም ይህን ማሳየት ነው።

1. ሃንዲካፕ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የውድድሩ ሹም ሥራ ነው። ፈረሶች እኩል ስላልሆኑ፣ ጠንካራው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ እንዲሮጥ ይደረጋል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከኮርቻው ጋር በሚያዝ ከረጢት ውስጥ የሚገባ እርሳስ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ የደረጃ ነጥብ አንድ ፓውንድ /0.45 ኪሎ ያህል/ ማለት ነው። ስለዚህ 90 ነጥብ ያለው ፈረስ 80 ነጥብ ካለው ፈረስ 10 ፓውንድ ጨምሮ ይሸከማል። ሐሳቡ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የእንግሊዝ ጆኪ ክለብ የመጀመሪያው ይፋ ሃንዲካፐር የሆኑት አድሚራል ሄንሪ ሩስ ይህን ሲሠሩ የነበሩት በዓይናቸውና በማስታወሻ ደብተራቸው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ትርጉም የተወራራጁ ሥራ ነው። የፈረሱን ያለፉ ውድድሮች፣ የሮጠበትን ርቀት፣ የጋላቢውን ችሎታ፣ የተሸከመውን ክብደት፣ የሜዳውን ጭቃና ድርቀት አገናዝቦ «ይህ ፈረስ የማሸነፍ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሃንዲካፕ ስንል ይህን ሁለተኛውን ነው።

2. ሕዝቡ ራሱ ሲያሰላ

በብዙ አገር የፈረስ ውርርድ የሚካሄደው በቋት ነው። የሁሉም ተወራራጅ ገንዘብ በአንድ ላይ ይሰበሰባል፤ ሜዳው ድርሻውን ያነሳል፤ የቀረው ላሸነፉት ይከፋፈላል። በምሳሌ እንየው። በቋቱ 10,000 ብር ገባ እንበል። ሜዳው ከመቶ 17.5 ሲወስድ 8,250 ብር ይቀራል። «ዳማው» በተባለው ፈረስ ላይ የተያዘው 2,500 ብር ከሆነ፣ ዳማው ሲያሸንፍ ለእያንዳንዱ ብር 3 ብር ከ30 ሳንቲም ይከፈላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር እንለይ። ከ10,000 ውስጥ 2,500 በዳማው ላይ መያዙ ሕዝቡ የዳማውን ዕድል በ25 ከመቶ እንደገመተው ያሳያል። አንተ ግን ላለመክሰር ብቻ የዳማው እውነተኛ ዕድል 1 ሲካፈል ለ3.30፣ ማለትም 30.3 ከመቶ መሆን አለበት። በመሆኑም ሕዝቡን በጥቂቱ መብለጥ አይበቃም። ሜዳው የሚወስደውንም ጭምር መብለጥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ተወራራጅ በጊዜ ብዛት የሚከስረው ስለዚህ ነው። ከኳስ ውርርድ ቤት ደጃፍ የማይጠፋ ተማሪ ካለ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነባት ጥሩ ነው።

ሕዝብ ሲገምት ግን ሞኝ አይደለም። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ በስታቲስቲክስ ታሪክ የታወቀ ነው። ፕሊማውዝ በተባለች ከተማ በተደረገ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች የአንድን በሬ የታረደ ሥጋ ክብደት እንዲገምቱ ተጠየቁ። ዋጋ የተሰጣቸው 787 ወረቀቶች ነበሩ። የግምቶቹ መካከለኛ /ሚዲያን/ 1,207 ፓውንድ ሲሆን የሥጋው ትክክለኛ ክብደት 1,198 ፓውንድ ሆነ። ስሕተቱ አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ከገማቾቹ መካከል ሥጋ ሻጮችና ገበሬዎች ነበሩ፤ ምንም የማያውቁም ነበሩ። የአንዱ መብዛት የሌላውን ማነስ አጣፋው።

ልብ በሉ! ይህ የሠራበት ቅድመ ሁኔታ አለ። እያንዳንዱ ሰው ግምቱን በወረቀት ጽፎ የሰጠው ለብቻው ነው። ተማክረው ቢሆን ኖሮ 787 ግምት ሳይሆን አንድ ግምት 787 ጊዜ ተጻፈ ማለት ነበር። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

3. የባለሙያው ዓይን ሲፈተን

ፖል ስሎቪክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ጥናት 8 ልምድ ያላቸውን የፈረስ ገማቾች የፈተነበት ነው። ስለ ፈረሶቹ 88 ዓይነት መረጃ ቀረበላቸውና የሚፈልጉትን እንዲመርጡ ተደረገ። መጀመሪያ በ5 መረጃ፣ ቀጥሎ በ10፣ በ20 እና በ40 መረጃ ገመቱ። በ5 መረጃ ሲገምቱ ትክክል የሆኑት 17 ከመቶ ያህል ነበር። በ40 መረጃስ? ያው 17 ከመቶ ገደማ። የተለወጠው በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት ነው። ከ19 ከመቶ ተነሥቶ ከ30 በላይ ወጣ። መረጃ ሲበዛ ዕውቀት ሳይሆን ልብ ነው የጨመረው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ፖል ሚል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የባለሙያን ግምትና የቀመርን ግምት የሚያወዳድር መጽሐፍ አሳትሟል። መደምደሚያው ባለሙያዎቹን አስቆጥቶ ነበር፤ በአብዛኛው ቀላል ቀመር ከባለሙያው እኩል ይሆናል ወይም ይበልጠዋል። ሮቢን ዶውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ከዚህ የባሰውን አሳየ። የቀመሩን ክብደቶች በረቀቀ ስሌት ማውጣት ሳያስፈልግ፣ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች መርጦ እኩል ክብደት ሰጥቶ መደመር ብቻ ብዙ ጊዜ ባለሙያውን ያሸንፋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ባለሙያው ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ችግሩ ያየውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አለመመዘኑ ነው። ጠዋት ላይ ለሽንጥ ትልቅ ቦታ ሲሰጥ ከሰዓት በኋላ ለቁመት ይሰጣል። ትናንት የከሰረበት ጉራች ፈረስ ዛሬ የሌላውን ጉራች ዋጋ ያወርድበታል። ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይናደዳል። ቀመር አይርበውም። ሉዊስ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው ውሳኔ የተቀዳ ቀመር ባለሙያዎቹን መልሶ በለጣቸው።

ይህ ማለት ግን የሰው አእምሮ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ሴሲ እና ላይከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ውድድር የሚያዘወትሩ 30 ወንዶችን መርምረዋል። ጎበዞቹ ገማቾች በርካታ ነገሮችን ለየብቻ ከመደመር አልፈው አንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ የሚያመጣውን ለውጥ ጭምር ያሰላሉ። ይህ ችሎታቸው በአእምሮ ፈተና /አይኪው/ ካገኙት ውጤት ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በሚያውቀው ነገር ላይ በጭንቅላቱ ረቂቅ ስሌት ሊሠራ ይችላል። ይህን ለመተማ ከብት ነጋዴ ብትነግረው «እሱን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ ነበረባቸው?» ይልሃል።

4. ሶፍትዌሩ ወደ ሜዳው ሲገባ

ሩት ቦልተን እና ራንዳል ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1986 የፈረስ ውድድርን በመልቲኖሚያል ሎጂት ሞዴል ለመተንበይ የሚያስችል ጽሑፍ አሳተሙ። የዚህ ሞዴል ጥቅም በአንድ ውድድር ላይ ያሉት ፈረሶች ዕድል ተደምሮ ሁልጊዜ 1 መሆኑ ነው። የአንዱ ሲጨምር የሌሎቹ መቀነስ አለበት።

ይህን ሐሳብ ሜዳ ላይ ያዋለው ቢል ቤንተር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በካርታ ቆጠራ ይተዳደር የነበረው ቤንተር በ1980ዎቹ /እ.ኤ.አ./ አጋማሽ አለን ዉድስ ከተባለ አውስትራሊያዊ ጋር ሆንግ ኮንግ ገባ። ሆንግ ኮንግ የተመረጠው በምክንያት ነው። ያሉት ሁለት ሜዳዎች ብቻ ናቸው፤ ያው ፈረሶች ደጋግመው እርስ በርሳቸው ይሮጣሉ፤ የተመዘገበው መረጃም ንጹሕ ነው። ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ሶፍትዌሩ ግን አላዋጣውም፤ ከሰረ።

ለውጥ ያመጣው ነገር ለእኛ ትልቁ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ዘገባ እንደገለጸው፣ ሞዴሉ አንድን ፈረስ ከሕዝቡ ግምት በጣም አብልጦ ሲያየው እውነተኛው ውጤት የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነበር። ሞዴሉ የማያውቀውን ሕዝቡ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፈረሱ ጠዋት ሲሰግር እንዴት ነበር? ጋላቢው ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው? እንዲህ ያለው ነገር በሠንጠረዥ አይጻፍም፤ በሕዝቡ ገንዘብ ላይ ግን ይታያል። ቤንተር የሕዝቡን ግምት እንደ አንድ ተለዋዋጭ አድርጎ ከሞዴሉ ጋር ቀላቀለው። የተቀላቀለው ግምት ከሁለቱም ለየብቻ በለጠ። ከዚያ በኋላ ያገኘው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው።

እንግዲህ በዓለም ላይ የሰውን ግምት በኮምፒዩተር በማሸነፍ የሚታወቀው ሰው ያሸነፈው የሰውን ግምት ጥሎ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብቶት ነው።

5. የእኛው ሜዳ

አሁን ወደ መተማ ቆላ እንውረድ። በአገራችን አብዛኛው የቁም እንስሳት ገበያ ሚዛን የለም። ዋጋ የሚቆረጠው በራስ እንጂ በኪሎ አይደለም። ገዥው ሽንጡን ዳብሶ፣ ሻኛውን አይቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይናገራል። ጥርስ የራሱ ሰዓት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ የፊት ጥርሶች በሁለት ዓመት አካባቢ ይወጣሉ፤ ስምንቱም ሲሞሉ ከብቱ አራት ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ሚዛን በሌለበት የሜትር ስሌት አለ። ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱ ዙሪያ ይለካል፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ድረስ ርዝመቱ ይለካል፤ ሁሉም በሳንቲ ሜትር። ቀመሩ የሚከተለው ነው፤

ክብደት በኪሎ = የደረት ዙሪያ × የደረት ዙሪያ × ርዝመት ÷ 10,840

የደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ በሬ 260 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዙሪያው 155 ቢሆን ግን 277 ኪሎ ይመጣል። በ5 ሳንቲ ሜትር 17 ኪሎ ተለወጠ! ዙሪያው በራሱ ስለሚባዛ ሜትሩን ትንሽ ማላላት ብዙ ያሳስታል። ደግሞም ቀመሩ የመጣው ከውጭ አገር የከብት ዝርያ ነው። ሻኛ ያለውን የፎገራን ወይም ከወደ ሱዳን የመጣውን የሩታናን ከብት በትክክል እንዲመዝን ቁጥሩ ለዝርያው በሚዛን ተፈትኖ መስተካከል አለበት።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አጎት ከብት ነጋዴ ናቸው። አንድ የዕረፍት ጊዜ የልብስ ሰፊ ሜትርና ባለ ካልኩሌተር ስልኬን ይዤ በቆላው ካሉት ገበያዎች ወደ አንዱ ተከተልኳቸው። አንድ ትልቅ ቀይ ሰንጋ ለካሁ፤ ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 130። ስልኬ 307 አለ።

«አጎቴ፣ 307 ኪሎ ነው። ይግዙት!» አልኳቸው።

«ኪሎውን ተወው። እስቲ አስነዳው» አሉኝ።

አስነዳሁት።

«የኋላ ቀኝ እግሩን አየኸው? ሲቆም ያነሳል፤ ሲረግጥ ያጥራል። ከደጋ ሲነዳ ሰኮናው ተበልቷል። ይሄ በሬ ማዶ ሳይደርስ ይተኛል። ሜትርህ ይሄን ነገረህ?»

አልነገረኝም። ሚል በ1954ቱ መጽሐፉ ላይ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለው። ቀመሩ አንድ ሰው ዛሬ ማታ ሲኒማ ይሄዳል ይላል፤ አንተ ግን ሰውየው ዛሬ እግሩ መሰበሩን ታውቃለህ። ያን ጊዜ ቀመሩን ተወው ይላል። የአጎቴ በሬ የተሰበረ እግር ቃል በቃል ነበረው።

ይሁን እንጂ ሚል ማስጠንቀቂያም አለው፤ በየቦታው የተሰበረ እግር የሚያይ ባለሙያ ቀመሩን ያለ ምክንያት ይጥላል። እውነትም አጎቴ ያን ቀን ሁለት በሬ ጎን ለጎን አወዳድረው ነበር። በሜትሩ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። እሳቸው ግን ቀንዱ ያማረውን አስበልጠው ገዙ። ሥጋ ቀንድ ላይ አይበቅልም። ብጠይቃቸው «ደስ አለኛ!» አሉኝ። ይህ የተሰበረ እግር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከደጋ አንድ በሬ ብቻ እየነዱ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ደላሎች ተራ በተራ መጥተው ዋጋ ጠሩላቸው። ሦስቱም የጠሩት ዋጋ ተመሳሳይ ነው። ሽማግሌው ሦስት ሰው አንድ ዋጋ ከጠራ የበሬው ዋጋ ይህ ነው ብለው ሊሸጡ ነበር። እኔ ግን ሦስቱ ቀደም ብለው ከአንድ ጥላ ሥር ሲነጋገሩ አይቻቸዋለሁ። ጋልተንን አስታውሱ! እነዚህ ሦስት ግምቶች አልነበሩም። አንድ ግምት ሦስት ጊዜ ተጠራ እንጂ።

ሽማግሌው ስለካ አይተውኝ ኖሮ «ልጄ፣ ያ ገመድህ የኔን ምን ይላል?» አሉኝ። አጎቴን አየሁ። አጎቴ ወደ ሌላ ዞሩ። ለካሁላቸው፤ 155 በ125። ከእሳቸው አጠገብ ትንሽ ቀደም ብሎ የተሸጠው በሬ ገና አልተነዳም ነበርና እሱንም ለካሁ፤ 150 በ125። ሁለቱንም አስነድቼ አየሁ፤ እግራቸው ደህና ነው። «አባቴ፣ ኪሎውን በትክክል አላውቅም። የእርስዎ ግን ከዚህ ከተሸጠው አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል» አልኳቸው። የተሸጠበትን ዋጋ ሰምተውት ነበር። ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዥ መጥቶ መጀመሪያ ከተጠራላቸው በላይ ከፍሎ ወሰደው።

ማታ ራት ላይ አጎቴ «ያን ሜትር ደብተርህ ውስጥ አስቀምጠው» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር ማለት አልችልም፤ አልተቆጡም ማለትም አልችልም። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ለሽማግሌው መንገርህ ደግ ነው። እኔ ብነግራቸው ግን ነገ ገበያ የሚያስገባኝ የለም» አሉ። በመሆኑም ጥያቄው ዓይን ይሻላል ወይስ ስሌት የሚለው ብቻ አይደለም። ዓይኑ የማን ነው? ስሌቱስ በማን እጅ ነው? በዚያ ገበያ ዓይን ያላቸው ገዥዎቹ ነበሩ። ሻጩ ሁለቱም አልነበራቸውም።

6. ሰሊጥና ስክሪኑ

በሰሊጥም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ በግብይት አዳራሹ እየጮኹ፣ እጅ ለእጅ እየተማቱ ይዋዋሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ተሸጋገረ። በዚህ አሠራር የገዛው ሰው ሰሊጡን አላየውም፤ ያየው የደረጃ ቁጥር ነው። መጋዘን ላይ ናሙና ወስዶ ቀለሙንና ባዕድ ነገሩን መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ የሠለጠነ ሰው ባይኖር ስክሪኑ ላይ የሚጻፍ ነገር አይኖርም ነበር። ኮምፒዩተሩ የሰውን ዓይን አልተካም። የአንድን ሰው ዓይን ሺህ ቦታ አደረሰው።

የዋጋ ትንበያም እንዲሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ የተሠራ ሞዴል የሚያውቀው ትናንትን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ በመተማ በኩል የመጣው ከብት ገዥ ሳይሆን ስደተኛ ነበር። ይህን የትኛውም የ2014 ዓ.ም. መረጃ አያውቀውም። ድንበሩ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ግን በማግስቱ ታውቃለች። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ስለሚረግፍ ገበሬው ቶሎ ማጨድ አለበት። የቀን ሠራተኛ ከደጋ መምጣት አለመምጣቱንም የሚያውቀው መንገዱን የሚያይ ሰው ነው። እነዚህ የሞዴሉ የተሰበሩ እግሮች ናቸው።

7. ታዲያ እንዴት እናቀላቅላቸው?

ከላይ ከተመለከትናቸው ጥናቶች በመነሣት የሚከተለውን አራት ደረጃ ያለው አሠራር አቀርባለሁ። ለከብትም፣ ለሰሊጥም፣ ለመመረቂያ ጥናትም ይሆናል።

ሀ/ መጀመሪያ ዓይን፣ ያውም ለየብቻ። ሁለት ወይም ሦስት አዋቂዎች ሳይነጋገሩ ግምታቸውን ይጻፉ። ሜትሩን ካዩ በኋላ የሚሰጡት ግምት የሜትሩ ማስተጋቢያ ይሆናል።

ለ/ ቀጥሎ ስሌት። ሜትሩም ሆነ ሶፍትዌሩ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራ። ደስ ሲለን የምናጠብቀው፣ ሲከፋን የምናላላው ሜትር ዓይንም ሜትርም አይደለም።

ሐ/ ሁለቱን ማቀላቀል። ለጊዜው ቀላል አማካይ ይበቃል። ለምሳሌ የበሬው እውነተኛ ክብደት 262 ኪሎ ቢሆን፣ ሜትሩ 277፣ ሽማግሌው 240 ቢሉ፣ አማካዩ 258.5 ነው። ሜትሩ በ15፣ ሽማግሌው በ22 ሲሳሳቱ አማካዩ የሳተው በ3.5 ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከሳቱ አማካዩ በመካከላቸው ይውላል እንጂ ከሁለቱም አይሻልም። ነገር ግን የባሰ ከሚሳሳተው በላይ በፍጹም አይሳሳትም። ይህ በቀላሉ ይረጋገጣል፤ አንባቢ ይሞክረው።

መ/ በመጨረሻ የተሰበረ እግር ፍለጋ። ከስሌቱ የምንወጣው የሚታይና ለሌላ ሰው ሊነገር የሚችል ምክንያት ስናገኝ ብቻ ይሁን። «ያነክሳል» ምክንያት ነው። «ደስ አለኝ» ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን መጻፍም ያስፈልጋል፤ ከስንት ጊዜ ስንቱ እውነት እንደነበረ የሚታወቀው ሲጻፍ ነው።

ማጠቃለያ

በፈረስ ሜዳ የተገኘው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው። ሰው ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ ያየውን ግን በእኩል አይመዝንም። ኮምፒዩተር እኩል ይመዝናል፤ ያልተነገረውን ግን አያይም። ብዙ ሰው ለየብቻ ሲገምት ጥሩ ይገምታል፤ ሲማከር ግን አንድ ሰው ይሆናል። ሁለቱን አቀላቅሎ የሚጠቀም ሁለቱንም ይበልጣል።

በእኛ ትምህርት ክፍል ሪግሬሽን ስንማር ምሳሌዎቻችን ብዙ ጊዜ ከውጭ መጻሕፍት የመጡ ናቸው። ከደጋ እስከ ቆላ የሚነዳው ከብት ግን ዳታ ነው፤ ሜትርና ሚዛን ይዞ የሚወጣ ተማሪ ብቻ ነው የጠፋው። ለፎገራና ለሩታና ከብት የሚሆን የተስተካከለ ቀመር አውጥቶ፣ ማንም ገበሬ በእጁ ሊይዘው በሚችል ገመድ ላይ ኪሎውን አትሞ መስጠት ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ስልክም መብራትም አይፈልግም። ያን ገመድ የያዘ ሽማግሌ ሦስት ደላላ ቢከበውም አራተኛ ድምፅ አለው።

አባቶች ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ ሜዳው ድረስ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ ወርዶ የሚፈርደው ሰው ነው። ለማን እንደሚፈርድም የሚጠየቀው እሱው ነው።